ኦፒየም በቻይና፤ የሱስ ምክንያት የሰው ድካም ብቻ ነውን?

ሱስ የያዘውን ሰው ስናይ ጠባዩን መውቀስ ይቀናናል። ጉዳዩን በታሪክ ስንመረምረው ግን መልሱ ይህን ያህል ቀላል ሆኖ አላገኘነውም። ለምርመራችን የቻይናን ነገር መርጠናል፤ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቻይናውያን ኦፒየምን ለብዙ መቶ ዓመታት የሚያውቁት በመድኃኒትነቱ ነበር። በ17ኛው መቶ ዓመት ከትምባሆ ጋር ቀላቅሎ ማጨስ ከባሕር ማዶ ሲገባ ነገሩ መለወጥ ጀመረ። በ1729 ንጉሠ ነገሥት ዮንግዠንግ ሽያጩን በአዋጅ ከለከሉ። ይሁን እንጂ ወደ አገሩ የሚገባው ኦፒየም ከአዋጁ በኋላ እየበዛ ሄደ። ይህ ስለ ምን ሆነ? እንግሊዞች የቻይናን ሻይ አጥብቀው ይሹ ነበር፤ ቻይና ግን ከእነርሱ የምትፈልገው ዕቃ ጥቂት ስለ ነበረ ዋጋውን በጥሬ ብር መክፈል ግድ ሆነባቸው። የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ከ1773 ጀምሮ የቤንጋልን ኦፒየም ለብቻው ይዞ በካልካታ በጨረታ ይሸጥ ነበር። በድብቅ ወደ ቻይና የሚያስገቡት የግል ነጋዴዎች ናቸውና ኩባንያው እጁን ታጥቦ ይቀመጣል። በ1729 ገደማ በዓመት ወደ 200 ሣጥን ይገመት የነበረው በ1830ዎቹ መጨረሻ ከ30,000 በላይ ሆነ። በመቶ ዓመት ውስጥ የቻይናዊ ጠባይ መቶ ሃምሳ እጥፍ ደከመ የሚል ቢኖር ያስረዳን።

በ1839 ሊን ዘሹ የተባሉት ሹም ከ20,000 የሚበልጥ ሣጥን ከነጋዴዎቹ ተረክበው፥ በሁመን ጉድጓድ አስቆፍረው በጨውና በኖራ አጠፉት። መልሱ ጦርነት ሆነ። በ1842 በናንጂንግ ውል ሆንግ ኮንግ ለእንግሊዝ ተሰጠች፤ በ1858 ደግሞ ኦፒየም ቀረጥ የሚከፈልበት ሕጋዊ ዕቃ ሆነ። ከዚህም በኋላ በቻይና ምድር የሚዘራው እየሰፋ ሄዶ ከባሕር የሚገባውን በለጠ፤ የአገሩ ሹማምንትም ከግብሩ ተጠቀሙ። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በባዕድ ላይ የሚጥሉ ጸሐፊዎች ግማሹን ብቻ ነግረውናል።

እርግጥ ነው፥ ያጨሰ ሁሉ ሱሰኛ አልሆነም። በዚህ ረገድ የቬትናም ጦርነት ጥሩ ማነጻጸሪያ ይሰጠናል። ሊ ሮቢንስ የተባሉት አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1971 ከቬትናም የተመለሱትን ወታደሮች ቢመረምሩ፥ ከአምስቱ አንዱ ያህል በዚያ ሳለ የሄሮይንና የመሰሎቹ ሱሰኛ እንደ ነበረ ተረዱ። አገሩ ከገባ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት ወደ ሱሱ የተመለሰው ግን ከእነዚህ ጥቂቱ ነው። ሰውዬው ያው ሲሆን የተለወጡት ቦታው፥ ባልንጀሮቹና የሄሮይኑ ርካሽነት ናቸው። እነዚያ ጥቂቶች ለምን እንደ ተመለሱ ግን ንግድና ጦርነት ብቻ አያስረዱንም።