ያልጸደቀው ማመልከቻ፤ የዶክተር ፍራንሲስ ኬልሲና የታሊዶማይድ ታሪክ

ስለ ሥራ ሥነ ምግባር የሚጻፉ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ ከመርሕ ይነሣሉ። ሐቀኝነት፣ ታማኝነት፣ ኃላፊነት የተባሉት ቃላት ተራ በተራ ይደረደራሉ፤ አንባቢውም ራሱን ነቅንቆ ገጹን ይገለብጣል። ለዚህ መጽሔት እንዳዘጋጅ የታዘዝሁት ጽሑፍ በዚሁ ጉዳይ ላይ ቢሆንም፣ መርሑን ለጊዜው ወደ ጎን ትቼ አንድ የመሥሪያ ቤት ዶሴ ብገልጥ ይሻላል ብያለሁ። ዶሴው የአንድ የእንቅልፍ መድኃኒት ማመልከቻ ነው። ከሴፕቴምበር 1960 ጀምሮ ዓመት ከመንፈቅ ያህል በዋሽንግተን በአንዲት ሐኪም ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሳይጸድቅ ቀርቷል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የታሪኩ ሥር ግን ከዚያ ሃያ ሦስት ዓመት ቀደም ይላል። በ1937 በቴነሲ ግዛት የሚገኝ ማሴንጊል የተባለ የመድኃኒት ፋብሪካ ሰልፋኒላማይድን ሕፃናት በማንኪያ ሊወስዱት እንዲችሉ በፈሳሽ መልክ አዘጋጀ። መድኃኒቱ በውኃ በቀላሉ የማይሟሟ በመሆኑ የፋብሪካው ኬሚስት ያሟሟው ኩላሊትን በሚያበላሸው በዳይኢትሊን ግላይኮል ነበር። ጣዕሙ፣ መልኩና መዓዛው ተፈተነ፤ መርዛማነቱ ግን አልተፈተነም፤ ሕጉም እንዲፈተን አያስገድድም ነበር። ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ። መንግሥት መድኃኒቱን ከገበያ ለመሰብሰብ የተደገፈበት የሕግ ምክንያት ዛሬ ሲነበብ ያስደንቃል፤ «ኤሊክሲር» የሚል ስም የተሰጠው መድኃኒት አልኮል ያለበት መሆን ሲገባው ይህኛው አልኮል የለበትምና የተለጠፈበት ስም ስሕተት ነው የሚል ነበር። አልኮል ቢኖርበት ኖሮ ሰው የገደለውን ፈሳሽ ለመያዝ ሕግ ባልተገኘም ነበር። የፋብሪካው ባለቤት በበኩላቸው ባለሙያዎች የፈለጉትን ዕቃ ከማቅረብ በቀር ያጠፋነው ጥፋት የለም በማለት ኃላፊነቱን አልቀበልም አሉ። ማንኛውም አዲስ መድኃኒት ከመሸጡ በፊት ጉዳት የማያደርስ መሆኑ እንዲረጋገጥ ያዘዘው የ1938 ሕግ የወጣው ከዚህ እልቂት የተነሣ ነው።

በዚያ ፈሳሽ ውስጥ ገዳዩ የትኛው እንደ ሆነ ለመለየት በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በእንስሳት ላይ ምርመራ ሲካሄድ፣ ከረዳቶቹ አንዷ በ1914 በካናዳ በቫንኩቨር ደሴት የተወለዱት ወጣቷ ፍራንሲስ ኦልድሃም ነበሩ። ወደ ቺካጎ የገቡበት አጋጣሚ ራሱ ፈገግ ያሰኛል፤ የክፍሉ ኃላፊ ፕሮፌሰር ጋይሊንግ ስማቸውን አይተው ወንድ መስለዋቸው ስለ ነበር፣ የመቀበያውን ደብዳቤ የጻፉላቸው «አቶ ኦልድሃም» ብለው ነው። በ1938 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የወባ መድኃኒት ፍለጋ ላይ ተሰማርተው ሳሉ፣ በኋላ ባላቸው ከሆኑት ከፋርማኮሎጂ ሊቁ ከኤሊስ ኬልሲ ጋር አንድ ነገር አስተዋሉ። የጥንቸል ጉበት ክዊኒንን በፍጥነት ይሰባብረዋል፤ ያረገዘች ጥንቸል ግን ይህን የምታደርገው በድካም ነው፤ በማሕፀኗ ያለው ፅንስ ደግሞ ፈጽሞ አይችለውም። ለእናቲቱ የማያሰጋ መድኃኒት ለፅንሱ አስጊ ሊሆን እንደሚችል የሚያመለክት ይህ ዕውቀት ለሃያ ዓመት ያህል በአእምሯቸው ተቀምጦ ቆየ።

ዶክተር ኬልሲ የሕክምና ትምህርታቸውን በ1950 ጨርሰው፣ በኦገስት 1960 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ባልደረባ ሆኑ። በሥራው አዲስ ስለ ነበሩም ቀላል የመሰለ ማመልከቻ ተመርጦ ተሰጣቸው። አመልካቹ በሲንሲናቲ የሚገኘው የሜሬል ኩባንያ ሲሆን፣ መድኃኒቱም «ኬቫዶን» ተብሎ ሊሸጥ የታሰበው ታሊዶማይድ ነበር። በምዕራብ ጀርመን ግሩነንታል የተባለው ኩባንያ ከኦክቶበር 1957 ጀምሮ ያለ ሐኪም ማዘዣ ሲሸጠው ቆይቷል፤ በብዙ አገሮችም እርጉዞች ጭምር ለማቅለሽለሽና ለእንቅልፍ ማጣት ይወስዱት ነበር። እንስሳት ብዙ ቢሰጣቸውም ስለማይገድላቸው እጅግ የታመነ ነው ተባለ።

እዚህ ላይ ስለ ሕጉ አሠራር ትንሽ መናገር ያስፈልጋል፤ የነገሩ ቁልፍ በዚሁ ውስጥ ነውና። በ1938ቱ ሕግ መሠረት ማመልከቻው ከቀረበ በኋላ መሥሪያ ቤቱ በ60 ቀን ውስጥ ተቃውሞ ካላሰማ ኩባንያው መድኃኒቱን ለመሸጥ ይችል ነበር። ዝምታ እንደ ፈቃድ ይቆጠራል ማለት ነው። መርማሪው ቢታመም፣ ሥራ ቢበዛበት፣ ወይም ደፍሮ መቃወምን ቢፈራ፣ ሳይፈርም ፈረመ ማለት ነው። በተለመደው አነጋገር ደፋር ሰው የሚባለው የሚፈርመው ነው፤ በዚህ ሕግ ሥር ግን ምንም አለማድረግ ራሱ ውሳኔ ስለ ነበር፣ ተቃዋሚው በየ60 ቀኑ አዲስ ምክንያት በጽሑፍ ማቅረብ ነበረበት። ዶክተር ኬልሲ በእጃቸው የነበረው መሣሪያ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ማመልከቻው ያልተሟላ ነው ብሎ መመለስ። ሲመለስ ቀኑ እንደገና መቆጠር ይጀምራል።

የመጀመሪያው ተቃውሟቸው ስለ ፅንስ አልነበረም። የቀረቡት ማስረጃዎች ከጥናት ይልቅ የምስክር ወረቀት ይመስሉ ነበር፤ ሐኪሞች መድኃኒቱን ወደዱት ከማለት በቀር እንዴት እንደ መረመሩት አይናገሩም። መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚዋሐድና እንደሚወጣም በቂ መግለጫ አልነበረም። ከርሳቸው ጋር ዶሴውን የመረመሩት ኬሚስትና የፋርማኮሎጂ ባለሙያም በየበኩላቸው ጉድለት አገኙበት። ዶክተር ኬልሲ በኋላ ምስጋናው ለብቻቸው ሲሰጥ የሥራ ባልደረቦቻቸውን ሳያነሡ የማያልፉት ስለዚህ ነው።

ኩባንያው ግን ቸኩሎ ነበር፤ የገና ሰሞን የእንቅልፍ መድኃኒት በብዛት የሚሸጥበት ወቅት ነውና። ወኪሎቹ በስልክ፣ በደብዳቤና በአካል 50 ጊዜ ያህል መሥሪያ ቤቱን ወተወቱ። ለበላዮቻቸውም ይህች ሴት ግትርና ያለ ምክንያት ሥራ የምታጓትት ናት ብለው ከሰሷቸው። የክፍሉ ሹሞች በዚያን ጊዜ ዶሴውን ወስደው ለሌላ ሰው መስጠት ይችሉ ነበር፤ አላደረጉትም። ስለዚህ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ይህን በአንድ ሐረግ ያልፉታል፤ ለእኔ ግን የአመራርን ነገር ለሚመረምር ሰው ከዚህ የሚበልጥ ስፍራ የለውም። የበላይ ሹም ሥራ አንዳንድ ጊዜ የበታቹን ጠረጴዛ ከስልክ መጠበቅ ብቻ ይሆናል።

በዲሴምበር 1960 መጨረሻ በወጣው የብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ አንድ የስኮትላንድ ሐኪም አጭር ደብዳቤ አሳተመ። ታሊዶማይድን ለረጅም ጊዜ የወሰዱ በሽተኞቹ እጅና እግራቸውን መደንዘዝና መጠቅጠቅ ጀምሯቸው እንደ ነበር ይገልጻል። ዶክተር ኬልሲ ደብዳቤውን ያገኙት በፌብሩዋሪ 1961 ነው። ጆርናሉ ለማንም ክፍት ሆኖ ሳለ ኩባንያው ይህን ለምን አልነገረንም? የሚለው ጥያቄ ከዚያ በኋላ የጉዳዩን መልክ ለወጠው። በሜይ 1961 ለኩባንያው በጻፉት ደብዳቤ፣ የነርቭ ጉዳቱን እያወቃችሁ በግልጽ አላስታወቃችሁም የሚል ወቀሳ አቀረቡ፤ የኩባንያው ሰውም ይህ ስም ማጥፋት ነው ሲል ተቆጣ። ክርክሩ ከዚህ ደረጃ ሲደርስ የጥንቸሎቹ ትዝታ ተነሣ። የአዋቂን ነርቭ የሚጎዳ መድኃኒት በፅንስ ላይ ምን ያደርግ ይሆን? በእርግዝና ጊዜ ቢወሰድ የማይጎዳ መሆኑ በማስረጃ ይቅረብልኝ አሉ። ማስረጃ አልቀረበም፤ አልነበረምና።

በዚህ መካከል በአውሮፓ ክንዳቸውና እግራቸው ያልበቀለ ወይም እጃቸው ከትከሻ ላይ የወጣ ሕፃናት በብዛት ይወለዱ ጀመር። ከፅንሰት በኋላ ከ20ኛው እስከ 36ኛው ቀን ገደማ ባለው ጊዜ አንድ ክኒን ብቻ መዋጥ ይበቃ ነበር። በኖቬምበር 1961 የሃምቡርጉ የሕፃናት ሐኪም ቪዱኪንት ሌንትስ ምክንያቱ ይህ መድኃኒት ነው ብለው ኩባንያውን ፊት ለፊት ተናገሩ፤ መድኃኒቱም በዚያው ወር በጀርመን ከገበያ ወጣ። ከአውስትራሊያም ዊልያም ማክብራይድ የተባሉ ሐኪም ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ በላንሴት ጆርናል አወጡ። (እኒሁ ማክብራይድ በ1993 በሌላ መድኃኒት ጥናት ላይ ውጤት አጭበርብረዋል ተብሎ ስማቸው ከሐኪሞች መዝገብ ተሰርዟል። አንድ ጊዜ እውነት መናገር ለዕድሜ ልክ ዋስትና አይሆንም መሰል።) በዓለም ዙሪያ የተጎዱት ሕፃናት ከ10,000 በላይ እንደሚሆኑ ይገመታል። ከሁሉ ፊት የተወለደችው ሕፃን፣ መድኃኒቱ ለሽያጭ ከመቅረቡ በፊት፣ በ1956 የገና ቀን ጆሮ ሳይኖራት የተወለደች ስትሆን፣ አባቷ የግሩነንታል ሠራተኛ ነበር፤ ክኒኑን ለነፍሰ ጡር ሚስቱ ወደ ቤት ይዞ የሄደው ራሱ ነው።

የሜሬል ኩባንያ ማመልከቻውን የሳበው በማርች 1962 ነው። ይሁን እንጂ አሜሪካ ፈጽማ አልዳነችም። ኩባንያው ፈቃድ እስኪያገኝ ድረስ «ለምርመራ» በሚል ስም ሁለት ሚሊዮን ተኩል ያህል ክኒን ከ1,000 ለሚበልጡ ሐኪሞች አድሎ ነበር፤ በሽተኞቹም ወደ 20,000 ይደርሳሉ። ብዙዎቹ በሽተኞች ያልጸደቀ መድኃኒት እየዋጡ መሆናቸውን አያውቁም ነበር፤ ከሐኪሞቹም ብዙዎቹ ለማን ስንት እንደ ሰጡ አልመዘገቡም። በይፋ የተቆጠሩት የተጎዱ ሕፃናት 17 ናቸው። ክኒኑን ለማደል እሺ ያሉት ሐኪሞች ክፉ ሰዎች አልነበሩም። አንድ የታመነ ኩባንያ በነጻ የሰጣቸውን አዲስ መድኃኒት ለደንበኞቻቸው ማካፈላቸው እንደ ደግነት ታይቷቸው ይሆናል።

በዚሁ ኩባንያ ውስጥ በዚያው ዘመን ሌላ ነገር ተፈጽሟል። ኤም ኢ አር 29 የሚባል ኮሌስትሮልን የሚቀንስ መድኃኒት በዝንጀሮዎች ላይ ሲፈተን፣ አንዲት የቤተ ሙከራ ሠራተኛ ሰንጠረዡን አስተካክይ ተብላ ታዘዘች፤ በትእዛዙ ስላላመነችበትም ሥራዋን ለቀቀች። መድኃኒቱ ግን በ1960 ጸደቀ። ነገሩ የተገለጠው በ1962 የሠራተኛይቱ ባል በአንድ መኪና ተሳፍሮ አብሮት ለሚመላለስ የመንግሥት ተቆጣጣሪ በጨዋታ መካከል በነገረው ጊዜ ነው። ምርመራ ተደረገ፤ የዓይን ሞራ ግርዶሽ የሚያመጣው መድኃኒት ተሰበሰበ፤ ኩባንያውም በ1964 ክሱን ሳይከራከር ተቀብሎ በጠቅላላው 80,000 ዶላር ተቀጣ። የዚህችን ሴትና የዶክተር ኬልሲን ዕጣ ሳነጻጽር የሚታየኝ የድፍረት መበላለጥ አይደለም። ሁለቱም አይሆንም ብለዋል፤ አንደኛዋ ግን ቃሏን የሚቀበል ሹም አላገኘችም። እርሷ ወጣች፤ ሰንጠረዡም ያለ እርሷ ተስተካከለ።

ዶክተር ኬልሲ ዕድል ረድቷቸዋል እንጂ የፅንሱን ጉዳት አስቀድመው አላወቁም የሚሉ ተቺዎች አሉ። አለማወቃቸው እውነት ነው። ነገር ግን ተቺዎቹ የሥራውን ጠባይ የሳቱት ይመስለኛል። መርማሪ የሚጠየቀው ትንቢት አይደለም፤ አልተረጋገጠም የተባለውን ነገር ተረጋግጧል ብሎ አለመፈረም ነው። መድኃኒቱ ምንም ጉዳት የሌለው ሆኖ ቢገኝ ኖሮ እንኳ ውሳኔያቸው ትክክል በሆነ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ግን ስማቸውን ዛሬ የሚያነሣ ሰው አይገኝም፤ ምናልባትም ግትሯ መርማሪ ተብለው ይቀሩ ነበር። በየምዝገባ ክፍሉና በየጥራት ቁጥጥሩ እንዲህ ያለ ማንም የማያመሰግነው ፊርማ በየቀኑ እንደሚከለከል ከባልደረቦቼ ብዙዎቹ ያውቃሉ።

ጉዳዩ በሕዝብ ዘንድ የታወቀው በጁላይ 1962 ዋሽንግተን ፖስት ባወጣው ዜና ሲሆን፣ ፕሬዚዳንት ኬኔዲም ኦገስት 7 ቀን ለዶክተር ኬልሲ የመንግሥት ሠራተኞችን ከፍተኛ ሽልማት ሰጧቸው። ሴናተር ኬፎቨር ስለ መድኃኒት ዋጋ ለረጅም ጊዜ ሲታገሉለት የቆየውና እየተዳከመ የሄደው የሕግ ረቂቅም በድንጋጤው ነፍስ ዘርቶ በኦክቶበር 1962 ጸደቀ። ሕጉ መድኃኒት ፈዋሽነቱ እንዲረጋገጥ፣ የሚመረመርበትም ሰው ፈቃዱ እንዲጠየቅ አዘዘ፤ ዝምታን እንደ ፈቃድ የሚቆጥረውንም አንቀጽ ሻረ። በጀርመን በ1968 የተጀመረው የወንጀል ክስ ግን በ1970 ያለ ፍርድ ተዘጋ። ግሩነንታል ይቅርታ የጠየቀው በ2012 ነው።

ታሊዶማይድ ራሱ አልሞተም። በ1964 በኢየሩሳሌም ያዕቆብ ሼስኪን የተባሉ ሐኪም በሥጋ ደዌ ምክንያት የሚመጣውን ብርቱ የቆዳ ቁስለት እንደሚያስታግስ አስተዋሉ። የአሜሪካው መሥሪያ ቤትም በጁላይ 1998፣ ሴቶች የእርግዝና ምርመራ ሳያደርጉ እንዳይሰጣቸው፣ ሐኪሙም ፋርማሲስቱም በሽተኛውም በመዝገብ እንዲገቡ የሚያስገድድ ጥብቅ ደንብ አውጥቶ ለዚሁ በሽታ አጸደቀው። ዶክተር ኬልሲ በዚያን ጊዜ 84 ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀናት ቀርቷቸው ነበር፤ ከመሥሪያ ቤቱም ገና አልተሰናበቱም።