የካፌው ፒያኖ

ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ካፌ ገብታችሁ ማኪያቶ ስታዙ ቀስ ብሎ የሚፈስ ፒያኖ ሰምታችሁ ታውቁ ይሆናል። አስተናጋጁን ብትጠይቁት «የፈረንጅ ክላሲካል ነው» ይላችኋል። ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው። አንዳንዴ ግን የሚሰማው የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ ነው፤ መነሻው ደግሞ የጎንደር ቤተክርስቲያን ደጃፍ!

ፈረንጅ «ሶናታ» የሚለው ቃል ጣልያንኛ ነው፤ ከሚዘፈነው «ካንታታ» ለመለየት በመሣሪያ የሚሰማ ማለት ነው። በእኛ ቤተክርስቲያን ግን ዜማ ያለ ቃል አይታሰብም፤ ከበሮውም ጸናጽሉም አጃቢ ነው። የእማሆይ ሥራ እንደ ቤትሆቨን ሶናታ በክፍል የተዋቀረ ባይሆንም፣ ቃሉን ትቶ ዜማውን ለጣት የሰጠ ነውና ስሙ ቢሰጠው አይበዛበትም ባይ ነኝ።

እማሆይ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው፤ በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ። በስድስት ዓመታቸው ስዊዘርላንድ ለትምህርት ተላኩ። ጣልያን አገሪቱን ሲይዝ ከቤተሰባቸው ጋር አሲናራ ደሴት ታስረዋል። ከነፃነት በኋላ ካይሮ ውስጥ ኮንቶሮዊች ከተባለ ፖላንዳዊ ዘንድ ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ፤ በቀን ዘጠኝ ሰዓት ይለማመዱ ነበር ይባላል። ለንደን ሄዶ የመማር ዕድል መጥቶ ሲከለከሉ ግን ሙዚቃውን ተዉትና ግሸን ማርያም ገቡ። አሥር ዓመት ያህል በባዶ እግር!

ወደ ሙዚቃ የተመለሱትም ለዝና አይደለም። ጎንደር የያሬድን ዜማ ሲማሩ የቆሎ ተማሪዎችን አዩ። ልጆቹ ቀን ለምነው ይበላሉ፣ ማታ ቤተክርስቲያኑ ደጅ ያድራሉ። (እኛ እንዲህ ያለ ልጅ ሲመጣ የመኪናችንን መስታወት ወደ ላይ እናደርጋለን።) እማሆይ የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ያላቸው ፒያኖ ነው። ጀርመን አገር የታተመው የመጀመሪያ ሸክላቸው ችግረኛ ልጆችን ለመርዳት የወጣ ነው። በዚያ ሸክላ ላይ ካሉት አንዱ «ቤት የሌለው ተንከራታች» የሚል ትርጉም ያለው ርእስ አለው። ደጅ ያደረን ሰው ላየ፣ ርእሱ ከየት እንደመጣ መገመት አያዳግትም።

ሸክላው ለብዙ ዓመት ተረስቶ ቆይቶ በ2006 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ በሲዲ ሲወጣ ዓለም ተንጫጫ፤ ከዚያ ዞሮ ዞሮ ቦሌ ደረሰ። እማሆይ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢየሩሳሌም በሚገኘው የኢትዮጵያ ገዳም ኖሩ፤ መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው እዚያው አረፉ። ፒያኖው እስከ መጨረሻው ክፍላቸው ውስጥ ነበር።