የአንዲት ጥርስ ስሕተት



መኪናችሁን ከጋራዥ ተቀብላችሁ ስትወጡ ሞተሩ በመንገድ ላይ ደኅና ይሄዳል፤ በመስቀለኛ መንገድ ቆማችሁ ተራ ስትጠብቁ ግን መሪውን የያዘው እጃችሁ ቀስ ያለ መንቀጥቀጥ ይሰማዋል። የተሠራው ሥራ የሞተሩን ጥርሳም ቺንጋ መለወጥ ብቻ ነው። ተመልሳችሁ ብትጠይቁ መካኒኩ «አዲስ ስለ ሆነ ነው፤ ሲለምድ ይተወዋል» ይላችኋል። ይህ ቃል እውነት መሆኑንና አለመሆኑን ለመለየት የቺንጋውን ታሪክ ማወቅ ይጠቅማልና፥ ዛሬ ስለ እርሱ ጥቂት እንነጋገራለን። የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከጀርመናዊው ከኒኮላውስ ኦቶ ነው። ኦቶ በ1876 ዓ.ም. የሠራው ሞተር ሥራውን በ4 ምት የሚፈጽም ነበር፤ ይኸውም መሳብ፥ ማመቅ፥ ማቃጠልና ጢሱን ማስወጣት ነው። በዚህ ሥርዓት ዋናው ዘንግ 2 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ቫልቮላ የሚከፈተው 1 ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ቫልቮላዎቹን የሚከፍተው ዘንግ፥ ካምሻፍት የሚባለው፥ በዋናው ዘንግ ፍጥነት እኵሌታ መዞር አለበት፤ አንዱም ከሌላው ሊቀድም ወይም ሊዘገይ አይገባም።

ይህን ስምምነት ለብዙ ዘመን የጠበቁት የብረት ጥርሳም መዘውሮችና ሰንሰለቶች ነበሩ። እነርሱ ጽኑዓን ናቸው፤ ነገር ግን ይከብዳሉ፥ ይጮኻሉ፥ ዘይትም ይሻሉ። በ1940ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ አገር ለልብስ ስፌት መኪና የታሰበ ጥርሳም የጎማ ቺንጋ ተፈጠረ። ተራው ቺንጋ ሊንሸራተት ይችላል፤ ይህ ግን ጥርሱ ከመዘውሩ ጥርስ መካከል ስለሚገባ አይንሸራተትም። በ1950ዎቹም ቢል ዴቪን የተባለ አሜሪካዊ በእሽቅድምድም መኪና ሞተር ላይ አዋለው።

በብዛት ተሠርቶ ለሕዝብ በሚሸጥ መኪና ላይ አስቀድሞ የገጠመው ግን ከታላላቆቹ ፋብሪካዎች አንዱ አልነበረም። በባቫርያ፥ በዲንጎልፊንግ ከተማ፥ አስቀድሞ የእርሻ መሣሪያ ይሠራ የነበረው የሐንስ ግላስ ኩባንያ ነው። ኩባንያው በ1955 ጎጎሞቢል የምትባለውን ታናሽ መኪና ከሠራ በኋላ፥ በ1961 ግላስ 1004 የተባለችውን ለሕዝብ አሳየ፤ የእርስዋም ካምሻፍት የሚዞረው በጥርሳም ቺንጋ ነበር። በ1966 በአሜሪካ ፖንቲያክ፥ በኢጣልያም በኢንጂኒየር አውሬልዮ ላምፕሬዲ ንድፍ ፊያት ይህንኑ መንገድ ተከተሉ። በዚያው ዓመት የግላስን ኩባንያ ቢ ኤም ደብልዩ ገዛው። የግላስ ስም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከገበያ ጠፋ፤ ሐሳቡ ግን በዓለም መኪናዎች ውስጥ ቀረ።

ይሁን እንጂ ይህ ለውጥ አንድ ዕዳ አመጣ። ጎማ ያረጃልና ቺንጋው በየጊዜው መለወጥ አለበት። በፋብሪካ አንድ ጊዜ ተስተካክሎ ብዙ ዘመን ይኖር የነበረው የሁለቱ ዘንጎች ስምምነት ወደ እያንዳንዱ ጋራዥ ወጣ፤ በየጊዜውም በመካኒኩ እጅ የሚፈርስና የሚታደስ ሆነ።

ዋናው መዘውር 20 ጥርስ ያለው ቢሆን፥ በአንዲት ጥርስ መሳሳት የዘንጉን 360 ዲግሪ ለ20 ስናካፍል 18 ዲግሪ ይሆናል። ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር የራሱ ግፊት ስለሚያግዘው ጉድለቱ ይሸፈናል። ነጂዎች ሚኒሞ በሚሉት በዝግታው ዙር ግን የሚገባው አየር ጥቂት ነው፤ ቫልቮላው ያለ ጊዜው ሲከፈት የተቃጠለው ጢስ ከአዲሱ አየር ጋር ይቀላቀላል፥ እሳቱ ይደክማል፥ ሞተሩም ይንቀጠቀጣል።

ቺንጋውን ከመክሰስ አስቀድሞ ግን በሥራው ጊዜ የተነካውን ሁሉ መመርመር ይገባል። ወልቆ የቀረ የአየር ቱቦ ወይም በደንብ ያልገባ የካንዴላ ሽቦ ይህንኑ መንቀጥቀጥ ያመጣል። እነዚህ ደኅና ከሆኑ፥ ሞተሩ ጠፍቶ ዋናው ዘንግ በእጅ 2 ሙሉ ዙር ይዞራል፤ ከዚያም ፋብሪካው በመዘውሮቹ ላይ የቀረጻቸው ምልክቶች በየቦታቸው መግጠማቸው ይታያል። ሲዞር ቢከለክል ማስገደድ አይገባም፤ በብዙ ሞተሮች ፒስቶኑ ቫልቮላውን መትቶ ሊያጣምመው ይችላልና። የቺንጋው ውጥረትም ይመረመራል፤ የላላ ቺንጋ ዛሬ ቢገጥም ነገ ጥርስ ሊዘል ይችላል።

በዘመናችን ብዙ መኪናዎች የሁለቱን ዘንጎች አቀማመጥ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ያመሳክራሉ፤ ልዩነቱ ሲበዛም የማስጠንቀቂያ መብራት ያበራሉ። ብዙ ፋብሪካዎችም ወደ ሰንሰለት ተመልሰዋል። በአሮጌዎቹ መኪናዎች ግን የሚነግራችሁ ያው መንቀጥቀጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ከሁሉ የሚከፋው ምልክቱን ሳያዩ የሚኒሞውን ብሎን አዙሮ ዙሩን ከፍ ማድረግ ነው፤ መንቀጥቀጡ ይሸሸጋል፥ ስሕተቱ ግን በስፍራው ይኖራል።

እናንተ በጽሕፈት ቤት የምትውሉ ይህን ታውቁታላችሁ። በአንድ ቍጥር ተሳስቶ የተመዘገበ ደብዳቤ ሥራ በበዛበት ቀን ማንም አያስተውለውም፤ በጸጥታው ቀን ሲፈለግ ግን ይታጣል። እንግዲህ መካኒኩ «ይለምዳል» ቢላችሁ ሳትቈጡ «እባክህ ምልክቱን አብረን እንየው» በሉት። የሠራውን ሥራ እንደ ገና ከፍቶ የሚመረምር ባለሙያ ክብሩ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ብረት አይለምድም፤ ወይ ገጥሟል፥ ወይ አልገጠመም።