ፓት ፓተርሰንና የትግል ሜዳ ፍርድ

በላስታ ደጋ እረኞች ከብታቸውን አሰማርተው ትግል ሲገጥሙ፥ ከዳር ቆሞ የሚመለከተው ሁሉ ማን ማንን ጣለ ብሎ ይጠይቃል እንጂ የጣለው የማን ልጅ ነው አይልም። በገና ጨዋታም ጌታና አሽከር እኩል ይሆኑ ዘንድ የቆየው ልማድ ይፈቅዳል። ከሜዳው ሲወጡ ግን ሌላ ፍርድ ይጠብቃል። ይህን የሁለት ወገን ፍርድ በባሕር ማዶ በኖረ በአንድ የትግል ባለሙያ ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ልናስረዳ አስበናል።

ፓት ፓተርሰን፥ የልደት ስሙ ፒየር ክሌርሞን፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1941 በካናዳ፥ በሞንትሪያል ከተማ፥ ከድኻ ቤተ ሰብ ተወለደ፤ በ1958ም በትግል ሙያ ተሰማራ። ወንድ ሆኖ ወንድን የሚያፈቅር መሆኑን ለወላጆቹ በገለጠ ጊዜ ከአባቱ ቤት መውጣት ግድ ሆነበት። በዚያን ዘመን ይህ በካናዳ ወንጀል ነበር፤ ሕጉ የተለወጠው በ1969 ነው። እንግሊዝኛ በቅጡ ሳያውቅ ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ በቦስተን ከተዋወቀው ከሉዊ ዶንዴሮ ጋርም ዶንዴሮ በ1998 እስኪሞት ድረስ አብሮ ኖረ።

በ1979 የመጀመሪያው የኢንተርኮንቲኔንታል ሻምፒዮን ተባለ። የዚህ ሙያ ትግል አሸናፊው አስቀድሞ የሚወሰንበት ትርኢት ነውና፥ ማዕረጉን በሪዮ ዴ ጃኔሮ በተደረገ ውድድር አገኘ ተብሎ ተነገረ፤ ውድድሩ ግን ከቶ አልተደረገም። እንግዲህ ሕዝቡ ያልተደረገውን ድል ሲያጨበጭብለት፥ እውነተኛ ኑሮውን የሚያውቁት የሙያ ባልደረቦቹና ወዳጆቹ ብቻ ነበሩ።

ከመድረክ ከወረደ በኋላም ሮያል ራምብል የተባለውን ግጥሚያ አፈለቀ። ታጋዮች በየተራ እየገቡ አንዱ ሌላውን ከገመዱ በላይ የሚጥልበት፥ መጨረሻ የቀረውም የሚያሸንፍበት ነው። በ1988 በካናዳ በሐሚልተን ከተማ በ20 ታጋዮች ተጀመረ፤ ከ1989 ወዲህ የተለመደው ቍጥር 30 ነው።

በአገራችን ሕጉም ልማዱም ይህን ዓይነቱን ግንኙነት ይከለክላሉ። ቢሆንም ታሪክ ጸሐፊ የሰውን ሥራ አንሥቶ ሰውየውን ቢሰውር፥ ታሪኩ ጎዶሎ ይሆናል። ፓተርሰን ምስጢሩን በቴሌቪዥን ለሕዝብ የገለጠው በ2014፥ በ73 ዓመቱ ነው፤ በ2020ም ዐረፈ። የሙያ ስሙን ዓለም ከብዙ ዘመን ጀምሮ ያውቀው ነበር፤ የቤቱን እውነት በአደባባይ በተናገረ ጊዜ ግን ዶንዴሮ ከሞተ 16 ዓመት ሆኖት ነበር።