በላስታ ደጋ አጭሩ ጠጕር ከረጅሙ ጋር የሚያያዝበት ልማድ፤ ሳዱላ፣ ሹሩባና ኀዘን

በላስታ ደጋ፣ እንደ ሌላውም የሰሜን አማራ አገር፣ በቀድሞው ልማድ ሴት ልጅ የራሷን ጠጕር በሙሉ በአንድ ጊዜ አታሳድግም ነበር። በሕፃንነቷ ትላጫለች፤ ጥቂት ከፍ ስትል ዙሪያው እየቀረ መካከሉ ይላጫል፤ ለባል ስትሰጥ የተላጨው መካከል እንዲያድግ ይለቀቃል። ስለዚህ ለብዙ ዓመት ያደገ የዙሪያ ጠጕርና ከሠርግ ወዲህ የበቀለ የአናት ጠጕር በአንድ ራስ ላይ ይገናኛሉ። የሹሩባ ውበት ብዙ ጊዜ የሚመረመረው ሥራው ተፈጽሞ ከታየ በኋላ ነው፤ ታሪኩን ለመረዳት ግን አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው፣ ያጠረውና አልተኛ ያለው ጠጕር ምን ይደረግ ነበር የሚለው ነው።

የዕድሜው ደረጃ ሁሉ በራስ ላይ ስም ነበረው። ሌላው ተላጭቶ በአናት ላይ ብቻ የሚቀረው ጠጕር ቁንጮ ይባላል። መካከሉ ተላጭቶ ዙሪያው የሚተወው ጋሜ ነው። ሳዱላ ደግሞ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች፣ ነገር ግን ያልተዳረች ልጃገረድ ምልክት ነበር። ልማዱ እየቀረ ሲሄድ ቃላቱ ግን አልሞቱም። ዛሬ «ሳዱላ» ሲባል የሚታሰበው ልጃገረዲቱ እንጂ የራሷ አላጫ አይደለም፤ «ቁንጮ»ም የበላይ አለቃ ማለት ሆኗል። የማይታወቅ እንግዳ «ጸጉረ ልውጥ» መባሉም ሰው በጠጕሩ ሁኔታ ይለይ እንደ ነበረ ያስታውሳል።

እንግዲህ ሙሽራይቱ ሳዱላዋን ትታ ራሷን ማሳደግ ስትጀምር ችግሩ ይመጣል። ጠጕር በወር አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ያድጋል፤ ስለዚህ የተላጨው አናት ትከሻ ለመድረስ ሦስት ዓመት ያህል ይፈልጋል። የከርዳዳ ጠጕር እድገት ደግሞ እየተጠቀለለ ስለሚሄድ ከርዝመቱ ያነሰ ሆኖ ይታያል። በዚህ መካከል አጭሩ ጠጕር ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ያገባች ሴትም ጨብራራ ሆና በሰው ፊት መታየቷ እንደ ነውር ይቈጠርባት ነበር። መፍትሔው ከሹሩባው አሠራር ውስጥ የተገኘ ነው።

ሠሪዋ እናት፣ እኅት ወይም ጎረቤት ናት። ተሠሪዋን ከፊቷ ዝቅ አድርጋ ታስቀምጥና በወስፌ ወይም በወለባ ጫፍ ራሷን እንደ እርሻ በፈር ትከፋፍላለች። ከዚያ ከግንባር ጀምራ ጠጕሩን በሦስት ዘለላ ከቆዳው ጋር አስጠግታ ትጎነጉናለች፤ በየዙሩም ከሥሩ ጥቂት አዲስ ጠጕር ትጨምራለች። የጥበቡ ምስጢር በዚህ ጭማሪ ላይ ነው። አጭሩ ጠጕር እስከ ጕንጕኑ መጨረሻ መድረስ አያስፈልገውም፤ ለአንድ ወይም ለሁለት ዙር ከበቃ ጫፉ በረጅሙ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። ከራስ ተለይቶ የሚንጠለጠል ጕንጕን ግን አጭሩን ሊይዘው አይችልም። ጠጕሩ ባጠረ መጠን ዙሩ ማነስ ስላለበት ሹሩባው ይቀጥናል፤ ጠጕሩ ሲረዝም ሹሩባው ሊሰፋ ይችላል። ስለዚህ ቀጭን ሹሩባ የጌጥ ምርጫ ብቻ ሳይሆን፣ ገና በማደግ ላይ ያለን ጠጕር የመያዣ ዘዴም ነበረ።

በጆሮ ግንድ፣ በግንባር ዳርና በማጅራት ያለው፣ ለአንድ ዙር እንኳ የማይበቃው፣ በቅቤ ይተኛል። ለጋ ቅቤ በራስ ላይ ሲደረግ የሰውነትና የፀሐይ ሙቀት እያቀለጠው ወደ ቆዳው ይወርዳል፤ ጠጕሩን ያከብደዋል፣ ያያይዘዋል፣ እንዳይደርቅና እንዳይሰበርም ይጠብቀዋል። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ ከበላይዋ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። በእንዲህ ያለ አገር የበጋው ነፋስ ደረቅ፣ ፀሐዩም ብርቱ ነው፤ ያልተቀባ ጠጕር ቶሎ ይሰባበራል፣ የተሰባበረውም ዳግመኛ አጭር ሆኖ ይቆማል። ከቅቤው በኋላ ራስ በሻሽ ይታሰራል፤ ሻሹ ቅቤው ልብስ እንዳይነካ ከመከላከሉም በላይ የተኛውን ጠጕር እንደ ተኛ ያቆየዋል።

ይሁን እንጂ ቅቤ ርካሽ ነገር አልነበረም። ወተቱ ተጠራቅሞ፣ ተንጦ የሚገኘው ጥቂት ነው፤ ያው ቅቤ ለወጥም ለገበያም ይፈለጋል። ስለዚህ የተቀባ ራስ የቤትን ሀብት የሚናገር ምልክት ሆኖ ኖሯል፤ የደረቀና የቆመ ጠጕርም የድህነት መታወቂያ ነበር። በ1966 ዓ.ም. እና በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ከወሎ ከብቱ ሲያልቅ፣ አስቀድሞ ለጉሮሮ የታጣው ቅቤ ለራስ የሚተርፍበት መንገድ አልነበረም።

አጭር ጠጕር በሌላም መንገድ ይመጣል፤ እርሱም ኀዘን ነው። ባል ወይም ልጅ የሞተባት ሴት ሹሩባዋን ትፈታለች፣ ጠጕሯንም ትቆርጣለች ወይም ትላጫለች። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 14 ስለ ሞተ ሰው ራስን መላጨት ቢከለክልም፣ የሕዝቡ ልማድ ከመጽሐፉ ቃል ጎን ለጎን ኖሯል። እንደገና የሚበቅለው ጠጕር የኀዘኑን ርዝመት ይቈጥራል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰብስቦ ሲሠራ ሴቲቱ ወደ ሰው መካከል መመለሷን ያስታውቃል። የምትመነኵሰው ሴት ግን አትመለስበትም። በ1665 ዓ.ም. ገደማ የተጻፈው ገድለ ወለተ ጴጥሮስ ቅድስቲቱ ዓለምን ስትተው ጠጕሯን መላጨቷን ይናገራል፤ በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የሚኖሩ መነኮሳይያትም በቆብ ሥር ይህንኑ ሥርዓት ይጠብቃሉ። ባሕታዊው ደግሞ በተቃራኒው ጠጕሩን አያበጥርም፣ አይጎነጉንም፤ እንደ በቀለ ይተወዋል። አንዷ በመላጨት፣ ሌላው ባለመሰብሰብ፣ ሁለቱም ከሹሩባው ዓለም መውጣታቸውን ያሳያሉ።

ለወንድ ሹሩባ የጦረኛ ክብር ነበር። ዲድስቅልያ ወንዶች ጠጕራቸውን እንዳያሳድጉና እንዳያስጌጡ ቢያዝም፣ ጠላት ወይም አንበሳ የገደለ ጀግና ይሠራ ነበር። ዳግማዊ ቴዎድሮስና ዓፄ ዮሐንስ 4ኛ በሥዕሎቻቸው የሚታዩት በሹሩባ ነው። የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲዘልቅ፣ የዋግና የላስታ ገዥ የነበሩት ዋግሹም ጎበዜ አገራቸውን አቋርጦ እንዲያልፍ መንገድ ሰጥተውታል። ቴዎድሮስ በሚያዝያ ወር ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ ከራሳቸው ላይ ጠጕር ተቈርጦ ተወሰደ። ከዚህ ሁለት ዘለላ፣ ንጉሡን በሞቱበት ከሣለው ሠዓሊ ቤተ ዘመድ እጅ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1959 በለንደን ለሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ተሰጠ፤ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ለወሰደው ወገን መታሰቢያ ዕቃ ነበር፤ የጠጕርን መቈረጥ የኀዘን ሥራ አድርጎ ለሚያውቀው ሕዝብ ግን የሬሳ ውርደት ነበር። ሙዚየሙ ለመመለስ የተስማማው ጠጕሩ የሰው አካል ክፍል መሆኑን ተቀብሎ ነው።

በዛሬው ላስታ ሹሩባ በይበልጥ ጎልቶ የሚታየው በአሸንድዬ ነው። የፍልሰታ ጾም ተፈጽሞ ነሐሴ 16 ሲደርስ ልጃገረዶች ራሳቸውን ተሠርተው፣ ቄጠማውን ከወገባቸው አስረው ይጫወታሉ፤ በዋግ ሻደይ፣ በቆቦ ሶለል የሚባለውም ከዚሁ ጋር የሚዛመድ በዓል ነው። ነገር ግን ያገቡትና ያላገቡት አንድ ዓይነት ሹሩባ ይሠራሉ፤ ሳዱላ የለም፤ በቅቤው ቦታ ከሱቅ የተገዛ ቅባት፣ በአጭሩ ጠጕር ላይም የሚቀጠል ሰው ሠራሽ ጠጕር ገብቷል። በአንድ በኩል ይህ ለልጃገረዲቱ ነጻነት ነው፤ ራሷ ያላትን ማዕረግ ለአላፊ አግዳሚ እንዲናገርባት አትገደድም። የዱሮውም ሥራ ጉዳት አልነበረውም ማለት አይቻልም፤ አጭሩን ለመያዝ ሲባል አጥብቆ የሚጎነጎን ሹሩባ በጆሮ ግንድ በኩል ያለውን ጠጕር ከሥሩ እየነቀለ ራስን እንደሚያመልጥ ዛሬ የቆዳ ሐኪሞች ያስተምራሉ።

የሚያሳስበው ሌላ ነው። በዓሉ፣ ፎቶግራፉና ሙዚየሙ የሚያስቀምጡት የተፈጸመውን ሹሩባ ነው። በሳዱላና በሙሽርነት፣ በኀዘንና በመጽናናት መካከል የነበረው፣ ገና ያልደረሰው ጠጕር ግን የሚቀረጽለት የለም፤ የሚያውቁትም በሳዱላ ዘመናቸው የነበሩ አረጋውያን ሴቶች ብቻ ናቸው። አጭሩ ጠጕር በረጅሙ ውስጥ እንዴት እንደሚያዝ፣ ለዚያም ስንት ወር እንደሚጠበቅ፣ በምን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚሠራ ከእነርሱ አንደበት ካልተጻፈ፣ የላስታ ሹሩባ ቅርጹ ተጠብቆ ትርጕሙ የጠፋ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።