ቆሻሻ የተባለው ድፍርስ

ቅቤ አንዴ ከቀለጠ ቀለጠ ነው። በ1888 እ.ኤ.አ. ፕራግ ውስጥ ፍሪድሪክ ራይኒትዘር የተባለ የዕፅዋት ተመራማሪ ያሞቀው ነጭ ዱቄት ግን ሁለቴ ቀለጠ። ኮሌስትሮል ሲያጠና ያገኘው ውህድ ነው። 145.5 ዲግሪ ላይ ድፍርስ ፈሳሽ ሆነ፤ 178.5 ላይ ድፍርሱ ድንገት ጠራ። ግራ ቢገባው ለፊዚክስ ሊቁ ለኦቶ ሌማን ደብዳቤ ጻፈ። ሌማንም በማይክሮስኮፕ አይቶ፣ እንደ ውኃ ይፈሳል፣ ብርሃንን ግን እንደ ክሪስታል ለሁለት ይከፍላል አለ።

ሁሉም አላመነውም። ጉስታፍ ታማን የተባለ ስመ ጥር ኬሚስት፣ ይሄ በደንብ ያልተጣራ ነገር ነው፣ ያደፈረሰው ባዕድ ነገር ነው ብሎ ለዓመታት ተከራከረ። እንዳልጠለለ ጠላ ማለቱ ነው። ዳንኤል ፎርሌንደር ግን ሃለ ከተማ ውስጥ እንዲህ ያሉ ብዙ ውህዶችን ስለሠራ ክርክሩ እየሳሳ ሄደ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞለኪውሎቹ እንደ ዘንግ ረዣዥም ናቸው። ጥምቀት ላይ ታቦት የሚያጅበውን ሕዝብ አስቡ፤ ሰው ቦታውን ይቀያይራል፣ ፊቱ ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። ድፍርሱ ፈሳሽ እንደዚያ ነው። ሙቀቱ ሲበዛ ሁሉም በየፊናው ይዞራል፤ ያኔ ይጠራል።

በ1973 የእንግሊዙ ጆርጅ ግሬይና ባልደረቦቹ ለስክሪን የሚሆን ውህድ አወጡ። ችግሩ፣ ብቻውን የሚሠራው ከ24 እስከ 35 ዲግሪ ብቻ ነው። የደብረ ብርሃን ጠዋት ያረጋዋል፣ የኩዌት ሐምሌ ያጠራዋል። መፍትሔው መደባለቅ ሆነ። ፒተር ሬይንስ አራት ውህዶችን አንድ ላይ አድርጎ ኢ7 የተባለውን ቅይጥ ሠራ። ርዝመታቸው የተለያየ ሞለኪውሎች ተስተካክለው ለመርጋት ይቸገራሉ፤ ስለዚህ ቅይጡ ከዜሮ በታች 10 ድረስ አይረጋም፤ ረዣዥሞቹ ደግሞ የላይኛውን ወሰን ወደ 60 ገደማ ገፉት። (ታማን ያሳዝነኛል፤ ነቀፋ ያደረገው መደባለቅ መፍትሔ ሆኖ ቀረ።)

ዝብርቅ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። በ1990ዎቹ ተመራማሪዎች ፈሳሹን እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ በበዛበት የሲሊካ ቁስ ውስጥ ሲያስገቡት፣ ግድግዳዎቹ ሞለኪውሎቹን በየአቅጣጫው ስለሚጎትቱ ድንገት የነበረው ለውጥ ደበዘዘ፤ ከዚህ ዲግሪ ላይ ተለወጠ ማለት አስቸጋሪ ሆነ።

ፀሐይ ላይ የተረሳ ስልክ ስክሪኑ ሲጠቁር አንዳንዴ ምክንያቱ ይሄው ነው፤ ሞለኪውሎቹ ሰልፋቸውን ፈትተዋል። ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲበርድ ራሳቸው ይሰለፋሉ፣ ብዙ ጊዜ ምስሉም ይመለሳል። ባትሪው ግን ያን ያህል ታጋሽ አይደለም።