አክቲቬትድ ካርቦን፦ ወንፊት ያልሆነ ማጣሪያ

«አክቲቬትድ ካርቦን» ሲባል ብዙ ሰው ወንፊት ይመስለዋል። ከድንጋይ ከሰል፣ ከእንጨት ወይም ከኮኮናት ቅርፊት የሚሠራ ከሰል ነው፤ ከ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በእንፋሎት ሲታከም ውስጡ በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች ይሞላል። የአንዱ ግራም የውስጥ ገጽ ብዙውን ጊዜ ከ500 ካሬ ሜትር ይበልጣል። ብዙዎቹ የፋብሪካ ማቅለሚያዎችና ሽታ አምጪ ውህዶች በዚህ ገጽ ላይ ይለጠፋሉ እንጂ እንደ ገለባ አይበጠሩም። ገጹ ሲሞላ ብክለቱ ከውሃው ጋር ያልፋል፤ ያኔ ከሰሉ በሙቀት መታደስ ወይም መተካት አለበት። የቃሉን ትርጉም ማወቅ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው።

«የፋብሪካ ፍሳሽን ለማከም ይህ ሁሉ ወጪ ለምን?» የሚል ሰው የሐዋሳን ሐይቅ ይመልከት። በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ ስለሌለው የማይበሰብስ ብክለት እዚያው ይከማቻል። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አክሞ መልሶ እንዲጠቀም ታስቦ መሠራቱ ተገቢ ነበር። ሌላው ተቃውሞ ይከብዳል፤ ካርቦን የሟሟ ጨውን አያስወግድም፣ የጨርቅ ማቅለሚያ ደግሞ ጨው ይበዛዋል። እውነት ነው። ስለዚህ ካርቦኑ ብቻውን አይበቃም፤ ቦታው ከባዮሎጂያዊ ማከሚያ በኋላ፣ ጨው ከሚያስቀረው ሜምብሬን በፊት ነው። «ካርቦን አለን» የሚል ፋብሪካ ሲያጋጥማችሁ፣ መጨረሻ የቀየረው መቼ እንደሆነ ጠይቁት።